ዘንድሮ ጎህ ይዘገያል

መስከረም 29፣ ዓርብ

ደረስኩ። የሰጡኝ የአውሮፕላን ሜዳ ከዓለም ከተማ በመኪና ሦስት ሰዓት ይርቃል፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ገበሬው ድንጋዩን ለቅሞ ጠርጎልኛል። ጫፉ ላይ መሬቱ ያልቅና የወንጪት ሸለቆ ይጀምራል። "አውሮፕላኑ ባይነሳ እንኳ ገደሉ ያነሳዋል" አልኩት ኃይለመስቀልን። አልሳቀም። ኃይለመስቀል መካኒኬ ነው፤ ስድስት ዓመት አብረን ስንዞር ሳቁን ለማን እንደሚያስቀምጠው አላውቅም።

ሥራው የታወቀ ነው። አንበጣው ሸለቆውን ሞልቶታል። ማሽላውን ጨርሶ ወደ ጤፉ እየወጣ ነው። ከጤፉ ቀጥሎ ሽቅብ መንዝ ነው፤ ሞላሌ ላይ ደግሞ የእናቴ ገብስ አለ። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው አገር ስረጭ ኖሬ ዘንድሮ የራሴ ደረሰ። እስኪያልቅ ድረስ ከዚህ ወንበር የሚያወርደኝ የለም።

ነርስ መድበውልናል፣ እፀገነት ትባላለች። ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። የምንረጨው መድኃኒት በቆዳም በትንፋሽም ገብቶ ነርቭ ያውካል ብላ ጣቴን ወጋችና ደም ወሰደች። የዛሬው መነሻ ነው፣ መቶ ብላ ጻፈችው። ከሰባ በታች ከወረድኩ መብረር የለም። ቆርቆሮ ሳጥን ከፍታ ስድስት ብልቃጥ አሳየችኝ። "ማርከሻ ነው። ለእርስዎና ለኃይለመስቀል ብቻ ነው የተሰጠኝ። እንዳያስፈልገን ነው የምጸልየው።"

"እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ሳንባዬ ደጋ ላይ የተሠራ ነው" አልኳት።

"የጠየቅኩዎ ደምዎን ነው፣ ካፒቴን።"

ምላሷ ምላጭ ነው።

ማታ ከሞላሌ ጥቅል ደረሰኝ። እማዬ ባና ልካልኛለች፣ ሱፉን ራሷ የፈተለችውን። በአውቶቡስ፣ ቀጥሎም በነዳጅ መኪና ሦስት ቀን ተጉዞ አሁንም በግ በግ ይሸታል። ያለ ባና እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቃለች። እስከ አናቴ ተከናንቤ ልተኛ ነው።

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

አንበጣ የሚመታው በጎህ ነው። ማሽላው ላይ ተደራርቦ ያድራል፣ ብርዱ ያደነዝዘዋል፣ ፀሐይ ሳታሞቀው አይነሳም። ስለዚህ ቀድሞ መነሳት ነው። ዛሬ አምስት ዙር በረርኩ። የተነሳው መንጋ መስታወቱ ላይ እየፈነዳ ቢጫ ሆነብኝ፤ ጠራጊው አልቻለውም። እያንዳንዱ ጠብ ባለ ቁጥር "ቅመስ!" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር መግደሉ ደስ ይላል። የእናቴን ገብስ ሊበላ ለመጣ ምሕረት የለኝም።

ኮክፒቱ ይበርዳል፣ ወንበሩም ወገቤን ይበላኛል። ባናውን አጥፌ ተቀመጥኩበት፣ ጫፉን ጉልበቴ ላይ ጣልኩት። "አውሮፕላን ነው የበቅሎ ኮርቻ?" አለና ኃይለመስቀል ሳቀ። ስድስት ዓመት ያስቀመጠው ለዚህ ኖሯል።

ጥቅምት 6፣ ዓርብ

ራሴን ሊፈነክተኝ ነው። ላብ ያጠምቀኛል፣ አፍንጫዬ አያቆምም። ምች ነው። አከራዬ ዳማከሴ ጨምቃ አሸተተችኝ፣ ቀለል አለኝ። ሌላ ምንም አይደለም።

የጽጌን ጾም ይዣለሁ፣ ለእማዬ ቃል ሰጥቼ። እፀገነት ሰማች። "ባዶ ሆድዎን ይበራሉ? ስኳርዎ ወርዶ ዓይንዎ ቢጨልምብዎስ?"

"አባቶቼ ጾመው ይዋጉ ነበር።"

"እነሱ ቢወድቁ ከበቅሎ ነው የሚወድቁት።"

ለመሳደብ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሴት ልጅ ናት።

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

የመድኃኒቱ ቱቦ ከወንበሬ ጀርባ ፈነዳ፣ አየር ላይ። ጀርባዬ፣ ወንበሩ፣ ባናው ሁሉ ራሰ። ዓይኔ እየተቃጠለ አረፍኩ። የወረድኩበትን አላስታውስም። የማስታውሰው የተበጠሰው ቱቦ እጄ ውስጥ መሆኑን ነው። ኃይለመስቀልን ፊቱን በቱቦው ገረፍኩት። ወድቆም ገረፍኩት። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ "አፈወርቅ፣ አፈወርቅ" ይል ነበር፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ።

ማታ፦ ግንባሩ ላይ አራት ሰንበር ቆጠርኩ። ቱቦው አርጅቷል ብሎኝ ነበር፣ ዓርብ ዕለት። ይቆየን ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ "ነገ በአሥር ሰዓት ሌሊት" ብዬው ተመለስኩ። ምን ሆኛለሁ?

እፀገነት በሳሙና አሳጠበችኝ፣ ልብሴን ቀየረችኝ። "ባናውን ያቃጥሉት። ሱፍ የጠጣውን አይተፋም" አለች። አቃጥለዋለሁ አልኳት። ጨምቄ አጥር ላይ አሰጣሁት። የእናቴን እጅ ሥራ ማን ያቃጥላል? ፀሐይ ሁሉን ያወጣዋል።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

አራት ዙር። ዘንድሮ ጎህ ይዘገያል። ሰዓቱ ሞልቶ ሰማዩ እንደ ጨለመ ነው። የኮክፒቱ ሰሌዳ መብራትም ደክሟል። ቀይር አልኩት ኃይለመስቀልን፣ ቀይሬዋለሁ ይላል። ውሸታም።

የግራ ዓይኔ ቆብ ይዘላል። ሲሳይ ነው ይላሉ።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

ደም፦ ሰባ አንድ። "ከሰባ በታች አይደለም" አልኳት። እፀገነት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረች። "የዓይንዎ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክላለች፣ ካፒቴን። ብርሃን በየት ይግባልዎ? ባናውን አቃጠሉት?"

"አቃጠልኩት።"

"ሌሊት ይቃዣሉ?"

አልቃዥም አልኳት። ትናንት ሌሊት እማዬ ከክንፉ ሥር ሱፍ ስትፈትል፣ እኔ ሞተሩን ሳስነሳ አየሁ። ይህን ለነርስ አይነግሩም።

ባናው ደርቋል። ሽታው ትንሽ ቀርቷል። ወንበሬ ላይ መለስኩት፣ ማታም ለብሼው አድራለሁ።

ጥቅምት 16፣ ሰኞ

"ካፒቴኑ ማነው?" እያለ አንድ ሰውዬ ሜዳው ድረስ መጣ። ተገኘ ይባላል፣ ከአፋፉ በታች የሚኖር ንብ አናቢ። ነጠላውን ፈታና እግሬ ሥር ደፋው። የሞተ ንብ። አንድ ቁና ይሆናል።

"አሥራ አራት ቀፎ። የጥቅምት ማር ልቆርጥ ሳምንት ሲቀረኝ። ቀፎህን ዝጋ ብሎ የሚልክ ሰው አጣህ?"

"አገር ከሚራብ ንብ ይሙት" አልኩት።

"አገሩ እኔ አይደለሁም?"

መልሱ ጥሩ ነበር። በቡጢ አፉ ላይ አልኩት። ንቦቹ ላይ ወደቀ። ሲነሳ የደማው ጢሙ ላይ ንብ ተጣብቆ ነበር። ደገምኩት። ኃይለመስቀል ከኋላ አቅፎ ጎተተኝ። ተገኘ ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፋና አየው፣ ከዚያ ኪሱ ከተተው። አልተሳደበም። "በላይ በላይ የሚሄድ ከታች ሰው ያለ አይመስለውም" ብሎ ሄደ።

ማታ፦ ከመርጨቴ አንድ ቀን ቀድሜ ሰው ልኬ ቦታውን ለመንደሩ ማስታወቅ የእኔ ሥራ ነው። ያን ቀን ረሳሁት። ደብተሬን ገልጬ አየሁ፣ ላክ ብዬ ለራሴ ጽፌያለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ረስቼ አላውቅም።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

የአውሮፕላኑ ጎማ የማሽላ ጠባቂ ማማ መታ። ማማው ፈረሰ። ሰው አልነበረበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት የሠሩት መሆን አለበት፤ አላየሁትም። አከራዬ ከነሐሴ ጀምሮ ያለ ነው ትላለች። ምን ታውቃለች እሷ።

ሆዴ ተበላሽቷል። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ዳማከሴ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ተኮሰብኝ!

ተገኘ ነው። ባዶ ቀፎዎቹ መካከል ቆሞ፣ ክላሹን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሳይቸኩል። ሁለቱ ጥይቶች ክንፉን በሱት። ሦስተኛው ከወለሉ ገብቶ በጭኔ ሥር አልፎ ባናውን ቀደደው። አንድ ጣት ወደ ቀኝ ቢሆን ዛሬ ይህን ለመጻፍ አልኖርም ነበር።

ኃይለመስቀል ቀዳዳውን እየለጠፈ "እንሂድ፣ ሌላ አብራሪ ይላኩ። አንተ ደህና አይደለህም" አለ። ፈሪ አልኩት። "እሺ ፈሪ ነኝ። የዛሬ ወር አንተ በማንም ላይ እጅህን አንስተህ አታውቅም ነበር" አለኝ።

እንቅልፍ የለም። ነጭ ቆቡ ይታየኛል። ይህ ሰውዬ ሊገድለኝ ነበር። ሊገድለኝ ነበር። የእናቴ ባና ላይ ቀዳዳ አለ።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

አደጋ ደረሰ። ለመዝገቡ እንዲህ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሦስተኛውን ዙር ጨርሼ ስመለስ በተገኘ ግቢ ላይ አለፍኩ። እጄ ሰሞኑን ይንቀጠቀጣል። ነርሷም ታውቃለች። የመርጫው እጀታ ላይ እንዳለ ተንቀጠቀጠና እጀታው ተከፈተ። በአራት ሰከንድ ዘጋሁት። ሰውዬው ከሥር ነበር።

አንበጣ እዚያ እንዳልነበረ እውነት ነው። ከፍታዬ አምስት ሜትር ነበር፣ ንፋሱ ስለገፋኝ። ቀፎ እያጠበ ነበር። ነጭ ቆቡን አድርጎ ቀና አለ።

እጄ ተንቀጠቀጠ። የሆነው ይኸው ነው።

ጥቅምት 22፣ እሑድ

ተገኘን በቃሬዛ አምጥተውት ነበር። አረፋ ይደፍቃል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ ሚስቱ እግሩን ይዛ ትጮሃለች። እፀገነት ሌሊቱን ሙሉ ስትወጋው አደረች። ተርፏል። ስድስቱንም ብልቃጥ ጨርሳበታለች።

"ለእኛ የተሰጠ ነው ብለሽ አልነበር?" አልኳት።

ዓይኗ ቀልቷል። "የእርስዎን ሥራ ነው ያከምኩት" አለች። ከዚያ ጣቴን ወጋች። አምሳ አራት። "ጨርሰዋል። ዛሬውኑ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለአለቃዎ እደውላለሁ። እጅዎ እንደሆነ አይታዘዝልዎትም፣ ትናንት አየነው። አይፈርዱብዎትም፣ በሽታ ነው። ግን መብረር የለም።"

መንጋው አፋፉን ሊወጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል አልኳት። ሁለት ቀን ብቻ። እምቢ አለች። ክንዷን ጠምዝዤ ስልኩን ቀማሁና ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት፣ የደሙን ወረቀትም ቀደድኩት። አልጮኸችም። ክንዷን ይዛ "አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም" አለች።

የጣቶቼ ምልክት ክንዷ ላይ ነበር። አምስቱም።

ከአለቃዬ ጋር ማታ በኃይለመስቀል ስልክ አወራሁ። ደህና ነን፣ ሁሉ ደህና ነው አልኩት።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

እማዬ መጣች!

ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከሞላሌ ወጥታ የማታውቅ ሴት። ልጅሽ ታሟል የሚል ወሬ ደርሷት በአውቶቡስ ዓለም ከተማ፣ ከዚያ በነዳጅ መኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ። በበርሜል የተደረደረውን መድኃኒት አይታ "ይኼን ሁሉ ለአንበጣ?" አለች። ጉንጬን ዳሰሰችና "ምነው የኔ ልጅ፣ ከሳህ፣ ፊትህም ጠቆረ" ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን፣ ኃይለመስቀል እያየ። ሰሞኑን ዓይኔ ሰበብ ነው የሚፈልገው።

አልጋዬን ለቀቅኩላት። እኔ መሬት፣ ቁርበት ላይ። ባናዋን ስታይ ደስታዋ! "ጠብቀህልኝ ኖሯል። ምነው ሸተተ?"

"የመድኃኒት ነው። ቁንጫ አይደፍርሽም።"

"እሰይ" አለችና እስከ አናቷ ተከናነበች። ቀዳዳውን አላየችም። አጥፌ ደብቄዋለሁ።

ለእፀገነት ስለ ባናው አልነገርኳትም። አቃጥያለሁ ብያታለሁ እኮ። ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

አራት ዙር። መንጋው ተሰብሯል! አፋፉ ላይ እንደ አሸዋ ተዘርግቶ ሞቷል፣ በአካፋ ይዛቅ።

እማዬ በመጣች በሁለት ቀን ራሴ ቀለለኝ። ዛሬ ጎህ ቶሎ ቀደደ፣ የሰሌዳው መብራትም ደህና ነው፤ ኃይለመስቀል በመጨረሻ ቀየረው ማለት ነው። የእናት ጸሎትና ዳማከሴ! እፀገነት ይህን በምን ትለካዋለች?

እማዬ ራሷን አሟታል። ቆላው ከብዷታል።

ጥቅምት 27፣ ዓርብ

አላባት። አፏ ምራቅ ይሞላል። ወባ ነው፤ ደገኛ ቆላ ሲወርድ የሚሆነው ነው። የወባ ክኒን ሰጠኋት። "ብርድ ብርድ አለኝ፣ ልጄ" ስትል ባናውን ጠቅልዬ ጫፉን ከሥሯ ወተፍኩላት፣ ልጅ ሳለሁ እሷ ታደርግልኝ እንደነበረው።

ነገ የመጨረሻው ዙር ነው። ገብሱ ተርፏል፣ እማዬ። ነገርኳት። ሳቀች።

ጥቅምት 28፣ ቅዳሜ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሿ እንደ ውኃ ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። እፀገነትን ቀሰቀስኳት። መጣች፣ ክንዷን በሻሽ አስራ። በባትሪ እማዬን ዓይኗን ከፍታ አየች። ከዚያ ባትሪውን ወደ እኔ መለሰችው፣ እንደገና ወደ እሷ።

"እሳቸው አውሮፕላን ላይ ወጥተዋል?"

"እብድ ነሽ? ወባ ነው!"

"ብሌናቸው የእርስዎን ነበር የሚመስለው። የዛሬ ሳምንቱን። ዛሬ የእርስዎ ሰፍቷል።" ከዚያ ባናውን ነካችው፣ እጇን አሸተተች። ለረጅም ጊዜ ያየችኝ መሰለኝ፣ ግን አንድ ሰከንድ አይሆንም። ባናውን ገፍፋ ወደ ውጭ ወረወረችው። እማዬ በእጇ ስትከተለው፣ "ባናዬን" ስትል ሰማሁ።

"መርፌውን ውጊያት!"

"የለኝም" አለች።

"አንድ! አንድ እንኳ!"

"ስድስቱንም ተገኘ ላይ ጨርሻለሁ፣ ካፒቴን። ያውቃሉ።"

የእሷን ክፍል በር በእግሬ ሰበርኩት። ሳጥኑን አነሳሁና ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፣ ባዶ ብልቃጦቹ ተሰባበሩ። ኃይለመስቀልን አንቄ አውሮፕላኑን አዘጋጅ አልኩት። "አንድ ወንበር ነው ያለው፣ አፈወርቅ፣ አንድ ወንበር" አለኝ እየታነቀ። ለቀቅኩት። በነዳጅ መኪናው ወጣን። እፀገነት የእማዬን ጭንቅላት ይዛ ምራቁን ከአፏ እየጠረገች፣ እኔ ሹፌሩን እየመታሁ። ንዳ! እያልኩ ማጅራቱን እየመታሁ።

ዓለም ከተማ ሊታይ ሁለት ጠመዝማዛ ሲቀር እፀገነት "ይቁም" አለች። አላቆመም፣ እኔን ፈርቶ።

ኅዳር 3፣ ሐሙስ። ሞላሌ

ቀብረናት አምስት ቀን ሆነ። ገብሱ በቢጫው ቆሟል። ለቅሶ የመጣ ሁሉ "ልጇ ነው ያተረፈልን" ይለኛል። ማታ ማታ ይበርዳል። ሦስት ሰው ባና አመጣልኝ፣ ሦስቱንም መለስኩ።

ራሴን አያመኝም። እጄ አይንቀጠቀጥም። በቀትር ወንጪት ማዶ ያለውን ዛፍ ለይቼ አያለሁ። ጤነኛ ነኝ፣ ይህን ነው የማልችለው።

እፀገነት በቀደድኩት ፈንታ አዲስ ወረቀት ጽፋ ላከችልኝ፣ በማኅተም። የጥቅምት 22 ደም አምሳ አራት፣ በዚህ ልክ ያለ ሰው እጁንም ቁጣውንም መቆጣጠር እንደሚሳነው ይናገራል። ክንዷን ስለጠመዘዝኩት አንድ ቃል የለበትም። ኃይለመስቀል በስልክ "በዚህ ወረቀት ማንም አይፈርድብህም" አለኝ።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከተገኘ ጋር ሽማግሌ ተቀመጠ፣ በእነሱ ደብር ቅጥር፣ ዋርካው ሥር። መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ሰበሰቡን። እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ ቀረብኩ። ከተገኘ ኋላ ወንድሞቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ተገኘ ቀኝ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አያቆምም። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የለውም።

መሪጌታ ወረቀቱን አነበቡ። "ልጆቼ" አሉ፣ "መድኃኒቱ ደሙ ገብቶ እጁን አንቀጥቅጦታል። በዚያው መድኃኒት እናቱን ቀብሯል። ከዚህ በላይ ምን ካሣ አለ? ሰው በሽተኛን አይቀየምም።" ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሞቹም።

ተገኘ የሚያለቅሰውን ዓይኑን በነጠላው ጠረገ። ከዚያ "ሽማግሌ ካለ ይቅር ብያለሁ" አለ። "በእኔ የገባው መርፌ ለእናቱ ይሆን ነበር ብላኛለች ነርሷ። ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ነገር ብቻ ከአፉ ልስማ። አይተኸኝ ነበር?"

ወረቀቱ በመሪጌታ እጅ ነበር፣ ማኅተሙ ይታየኛል። እፀገነት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ማንም ሌላ መልስ አይጠብቅም። አላየሁህም፣ ዓይኔ ጨልሞ ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬም በዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ዓይኔ ጨልሞ ነበር። ራሴ ይፈነዳ ነበር። ደሜ አምሳ አራት ነበር። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን የዚያን ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት። ንፋስ አልነበረም። ነጭ ቆቡን ከሩቅ ፈልጌ አገኘሁት፣ ዝቅ አልኩ፣ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ።

"አይቼሃለሁ" አልኩት። "እጄ አልተንቀጠቀጠም።"

ጠመንጃ ሲነሳ ሰማሁ፣ አንገቴን ስለደፋሁ የማን እንደሆነ አላየሁም። መሪጌታ "በስመ አብ" አሉ። ተገኘ ወንድሞቹን በእጁ ከለከለና ወደ እኔ ጎንበስ አለ፣ የሚያለቅሰውን ዓይኑን እስካይ ድረስ።

"አውቅ ነበር" አለ። "ዝቅ ስትል ዓይን ለዓይን ተያይተናል።"

ተመልሶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ሲመክሩ ቆዩ። ድንጋዩን አውርድ ያለኝ ሰው አልነበረም።